ቀብድ ከፍለን ክፍላችንን ለሌላ ሰጡብን (ሀዋሳ)፣ ብሩንም ጓደኞቼንም ምን ላድርግ?

የጀሞዋ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው ይቅርታ፣ ግን ከተመለስን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ስለሆነ የምታውቁ ሰዎች አንብባችሁ ምከሩኝ።

ስድስት ጓደኛሞች ነን፣ ካምፓስ አንድ ዶርም ነበርን። አንዷ በቅርቡ ካናዳ ልትሄድ ነው። ቪዛው ከመምጣቱ በፊት ለሀዋሳ ገብርኤል ተስላ ነበርና ስለቴን ሳላደርስ አልሄድም ስላለች፣ እኛም እንግዲያውስ ሁላችንም አብረንሽ እንሂድ፣ የታህሳስ ገብርኤልን አክብረን ሐይቁን አይተን አሳችንን በልተን እንመለስ ተባባልን። ስድስታችንም አንድ ላይ ከከተማ ወጥተን አናውቅም፣ ወይ አንዷ ስራ ይሆንባታል ወይ አንዷ ትወልዳለች፣ እና ይሄኛው የመጀመሪያችንም ምናልባት የመጨረሻችንም ነበር። ለዛ ነው እንዲህ ያቃጠለኝ።

ሆቴሉን የፈለግኩት እኔ ነኝ። ስሙን አልጠራም። ከሶስት ሳምንት በፊት ደውዬ ሶስት ባለሁለት አልጋ ክፍል፣ ሐይቁ የሚታይበት፣ አርብና ቅዳሜ ሁለት አዳር፣ አንዱ ክፍል በአዳር 4,000 ብር ቁርስን ጨምሮ ብለን ተስማማን። ግማሹን ቀብድ ላኪ አሉኝ፣ ከስድስታችን 2,000 2,000 ሰብስቤ 12,000 ብር በቴሌብር ላኩ። በቴሌግራም "ቀብድ 12,000 ደርሶናል ሶስት ክፍል ተይዟል" ብለው ፅፈውልኛል፣ እሱ አሁንም አለኝ።

አርብ በሌሊት ተነስተን በሞጆ ባቱ ሻሸመኔ አድርገን 7 ሰዓት አካባቢ ገባን። ሪሰፕሽን ላይ ያለችው ልጅ አጀንዳውን ገለጠች አገላበጠች፣ ከዛ ሁለት ክፍል ነው ያላችሁ አለችን። ቴሌግራሙን አሳየኋት። ማናጀር ጠራች፣ እሱ ደግሞ በዓል ስለሆነ ነው፣ ዋጋውም 5,500 ገብቷል፣ ካልተስማማችሁ ሌላ ቦታ መፈለግ ትችላላችሁ አለን። የቱ ሌላ ቦታ? ከተማው ግጥም ብሏል፣ በር ላይ እኛ እየተከራከርን ከኋላችን ሻንጣ ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ጓደኛዬ ደክሟታል፣ በማግስቱ ዋዜማ ነው፣ እሺ አልን።

ሁለቱ ክፍሎች ሐይቁን አያሳዩም። መስኮቱን ስትከፍቺው የጀነሬተር ቤትና የጎረቤት ባር ጓሮ ነው። ሙዚቃው ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ አልጋውን ያንቀጠቅጠዋል። ሙቅ ውሃ የለም፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ጭራሽ ውሃ ጠፋና በባልዲ አመጡልን። አንሶላው ላይ የሌላ ሰው የፊት ቅባት ነበር፣ ቀይሩልን ብለን ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ቁርስ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስንወርድ አልቋል። እና የቀሩት ሁለቱ ልጆች ክፍል ስላጡ መናኸሪያ አካባቢ ፔንሲዮን ተገኝቶላቸው እዛ አደሩ፣ እኔ ልሂድ ብዬ ነበር፣ እነሱ እኛ ቤተክርስቲያን ስለማንሳለም አንቺ ከሷ አትለዪ ብለው ሄዱ። ማታ ማታ ስድስታችን አንድ ክፍል ተሰብስበን እስኪነጋ ልናወራ ነበር እኮ ሃሳባችን። በ3 ሰዓት ባጃጅ ሳይጠፋ ብለው ይሰናበቱን ነበር።

አሁን ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሆቴሉ ለሁለት ክፍል ሁለት አዳር በ5,500 ሂሳብ 22,000 ጠየቀ፣ ቀብዱን 12,000 ቀንሶ 10,000 ከፈልኩ። ፔንሲዮኑ 2,500 በአዳር፣ 5,000 ከፈልኩ። ማለት ከኪሴ 15,000 ወጥቷል፣ ለስድስት ሲካፈል 2,500 ነው። ሁለት ልጆች ወዲያው ላኩልኝ፣ ካናዳ የምትሄደውም አንዷ ናት። ፔንሲዮን ያደሩት ሁለቱ ዝም ብለዋል፣ እኔም ለመጠየቅ አፌ አልተፈታም። አንዷ ግን ግሩፓችን ላይ "የመረጥሽው አንቺ ነሽ፣ መጀመሪያ ሰው ማጣራት ነበረብሽ" ብላ ፃፈች። ካነበብኩት ጀምሮ ሆዴ ተረብሿል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከሆቴሉ ብር ማስመለስ ይቻላል ወይ? ከጓደኞቼስ ቀሪውን ልጠይቅ ወይስ እኔው ልቻለው?


የሐይቅ ዳር ልጅ፦

እህቴ በጣም አዝናለሁ፣ ሀዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝና እንግዳ በከተማችን እንዲህ ሲሆን እኔም ያመኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 እዚህ ከተማ ውስጥ ክፍል ማግኘት ከባድ ነው። ቁልቢ መሄድ ያልቻለው ሁሉ ወደ ሀዋሳ ገብርኤል ይመጣል፣ ከአዲስ አበባም ከዲላም ከሻሸመኔም፣ ከቤተክርስቲያኑ ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ በዋዜማው ጀምሮ ሰው በሰው ነው የሚሆነው። አንዳንድ ሆቴሎች ይሄን ስለሚያውቁ በደህናው ጊዜ የተስማሙበትን ዋጋ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ይረሱታል። ሁሉም አይደሉም። ቃላቸውን ጠብቀው ለሰው አልጋ ጠፍቶ እያዩ እንኳን "ይሄ የተያዘ ነው" ብለው ባዶውን ክፍል የሚያሳድሩ አሉ፣ አይቻለሁ።

የሐይቅ ቪው ነገር ደግሞ ለሌላ ጊዜ እንዲህ ጠይቂ፣ "ሐይቅ ይታያል ወይ" ካልሽ ከጣሪያው ላይም ቢሆን ይታያል ይሉሻል። የክፍሉን ቁጥርና ከመስኮቱ የተነሳ ቪዲዮ ላኩልኝ በያቸው። ከጀርባ ምን አለ፣ ባር ነው፣ ጋራዥ ነው፣ ብለሽ ጠይቂ። ወደ ሐይቁ የቀረበ ሁሉ ፀጥ ያለ አይደለም፣ ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ የሚበዛው እንዲያውም እዛው አካባቢ ነው።

ለመሆኑ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄዳችሁ? ቢያንስ እሱን እንዳላጣችሁት ተስፋ አደርጋለሁ።


ሪሰፕሽን ነበርኩ፦

አራት አመት ሆቴል ውስጥ ሰርቻለሁ፣ ሀዋሳ አይደለም ግን ነገሩ የትም አንድ ነው። ያቺ አጀንዳ የምታገላብጥ ልጅ የምትዋሽሽ ላይሆን ይችላል።

ብዙ መካከለኛ ሆቴል ቡኪንግ የሚይዘው በደብተር ነው። ቀን ሺፍት ያለው በስልክ ይይዛል፣ ማታ ያለው ሳያይ ለሌላ ይይዛል፣ ባለቤቱ ደግሞ በራሱ ስልክ ለወዳጁ ቃል ይገባል፣ እና በዓል ሲመጣ አንድ ክፍል ሶስት ባለቤት ይኖረዋል። ያኔ ክፍሉ የሚሰጠው ቀድሞ ለያዘው ሳይሆን መጀመሪያ በር ላይ ደርሶ ሙሉውን ለከፈለው ነው። እኔ ራሴ ቀብድ የከፈሉ ሰዎችን "የለም" ብዬ እንድመልስ ታዝዤ አውቃለሁ፣ አንዴ ህፃን የታቀፈች እናት ነበረች፣ ፊቷ እስካሁን አይጠፋኝም። ስራውን የተውኩትም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

የምጠይቅሽ፣ 12,000ውን በቴሌብር የላክሽው ወደ ማን ነው? የሆቴሉ የነጋዴ ቁጥር ነው ወይስ የሰው ስም ነው የመጣልሽ? የሰው ስም ከሆነ ብሩ ፋይናንስ ጋ ሳይደርስ ልጁ ኪስ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ አለ፣ ማናጀሩም በመዝገቡ ላይ አላየሁትም ማለት ይችላል። ደረሰኝስ ቆረጡልሽ?


የጀሞዋ ልጅ፦

አሁን ገብቼ አየሁት፣ የሰው ስም ነው፣ የወንድ ስም። ያኔ ልብ አላልኩትም። ደረሰኝ የሰጡኝ ለ10,000ው ብቻ ነው፣ ስንወጣ ስጠይቅ። ግን እኮ ቀብዱን ከሂሳቡ ቀንሰውልኛል፣ ስለዚህ ብሩ እንደደረሳቸው ያውቃሉ ማለት አይደለም?

የሐይቅ ዳር ልጅ፣ አዎ አሞራ ገደል እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። እዛ ስድስታችንም ነበርን። ጀልባዎቹ አሳውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰው ሳይፈሩ በመሃላችን ሲመላለሱ፣ ካናዳ ሂያጇ ስታለቅስ ነበር፣ ይሄን የት አገኘዋለሁ እያለች። አሳ ጥብሱንም የአሳ ሾርባውንም አንድ ትሪ ከበን በላን። ከጉዞው ሁሉ የማልረሳው እሱን ነው።


የህግ ሰው ነኝ፦

እህቴ ጥያቄሽን በሚገባ ስላስቀመጥሽው ለመመለስ ቀሎኛል። በመጀመሪያ ያቺን የቴሌግራም መልእክት አትሰርዣት፣ ስክሪንሻት አንሺና ለሁለት ሰው ላኪ።

ቀብድ በኛ ሕግ ውስጥ ተራ ቃል አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ድረስ ስለሱ ያወራል። አንደኛ፣ ቀብድ መሰጠቱ ራሱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፣ ስለዚህ "ውል የለንም፣ ስልክ ብቻ ነው" ሊሉሽ አይችሉም። ሁለተኛ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው፣ "ከቀረሽ ቀብድሽ ይቃጠላል" ይባላል፣ ሆቴሉ ከቀረስ የሚለውን ማንም አያነሳውም። እነሱ ራሳቸው "ቀብድ" ብለው መፃፋቸው ደግሞ ጠቅሞሻል፣ "ቅድሚያ ክፍያ" ቢሉት ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ግን ተጠንቀቂ፣ የ12,000ውን እጥፍ 24,000 አምጡ ማለት አትችይም። ሁለቱን ክፍል ሰጥተዋችኋል፣ እናንተም አድራችኋል። እኔ የማሰላው እንዲህ ነው። በአዳር 4,000 ተብሎ የተገባ ውል በሁለታችሁ መካከል እንደ ሕግ ነው፣ ቁጥር 1731 ይለዋል፣ በዓል ስለሆነ ብሎ አንዱ ወገን ብቻውን የሚያነሳው አይደለም። ሁለት ክፍል ሁለት አዳር በ4,000 16,000 ነበር፣ 22,000 አስከፍለዋል፣ ልዩነቱ 6,000 ነው። ሶስተኛው ክፍል ደግሞ ጭራሽ አልተሰጠም፣ የሱ ድርሻ ከቀብዱ 4,000 ነው፣ እሱን ከሂሳቡ ቀንሰውልሻል ማለት መልሰውታል፣ እጥፉ ሲታሰብ ሌላ 4,000 ይቀራል። ስለዚህ ጠይቅ ብባል 10,000 እጠይቃለሁ። 6,000ው ጠንካራው ነው። በዛ ላይ ሆቴሉ "አምስት ሺ አምስት መቶውን ሰምታችሁ እሺ ብላችሁ ገብታችኋል" ሊል ይችላል፣ ለሱ መልሱ ሌላ አማራጭ በሌለበት ሰዓት በር ላይ አቁመው እሺ ያሰኙን ነው የሚለው ነው፣ ዳኛ እንዴት እንደሚያየው እኔ ቃል አልገባልሽም።

የሰው ስም ላይ መላክሽን በተመለከተ ልክ ነሽ፣ ቀብዱን ከሂሳብ ሲቀንሱ ተቀብለናል ብለው አምነዋል። ሲያስከፍሉሽ የፃፉት ወረቀት ላይ የተቀነሰው ካለ ፎቶ አንሺው።

አሁን የምታደርጊው፣ ክስ አይደለም። ለባለቤቱ፣ ለማናጀሩ ሳይሆን ለባለቤቱ፣ የፅሁፍ ማስጠንቀቂያ ፃፊ። ሕጉም ውል አልተፈፀመም ከማለትሽ በፊት ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። አንድ ገፅ ይበቃል፣ ቀን፣ የተስማማችሁት፣ የሆነው፣ የምትጠይቂው ብር፣ የምትጠብቂበት ቀን። ስድብ የለም፣ ስለ አንሶላው ሁለት መስመር ብቻ። መጨረሻ ላይ ካልመለሳችሁ ለከተማው የንግድና የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች በአዋጅ 813/2006 መሰረት አቤት እላለሁ በይ፣ ያ አዋጅ ለሸማቹ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣል፣ ነጋዴውም ዋጋውን በግልፅ እንዲለጥፍ ያዛል። ሪሰፕሽን ላይ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር አይተሽ ነበር?


ቀጥታ ተናጋሪ፦

እኔ ትንሽ የተለየ ነገር ልበል፣ አትቀየሚኝ። አንሶላው ቆሽሾ፣ ዋጋው ጨምሮ፣ ክፍል ጎድሎ እያያችሁ ሁለት ሌሊት ማደራችሁ አልገባኝም። እኔ ብሆን ቀብዴን አምጡ ብዬ እዛው ፖሊስ ጠርቼ እወጣ ነበር። እኛ ዝም ስንል ነው እኮ እነሱ የሚለምዱት፣ በሚቀጥለው ገብርኤል ሌላ ሰው ላይ ይደግሙታል።


የጀሞዋ ልጅ፦

አልቀየምህም ወንድሜ፣ እኔም አስቤው ነበር። ግን አንዷ ጓደኛችን የስድስት ወር እርጉዝ ናት፣ ከሌሊት ጀምሮ መኪና ውስጥ ተቀምጣ እግሯ አብጦ ነበር። ሌላዋ የዋዜማው ማህሌት እንዳያልፋት ትፈራለች። የፖሊስ ጣቢያ ወረፋ ላይ አርቡን ብናሳልፈው ያቺ ልጅ የሄደችበት ስለት ምን ይሆናል? መብቴን ሳላውቀው አይደለም ዝም ያልኩት፣ የዛን ቀን ሌላ የሚበልጥብኝ ነገር ነበር።

የህግ ሰው ነኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እንዲህ ዘርዝሮ የነገረኝ ሰው የለም። የዋጋ ዝርዝር ግድግዳው ላይ አላየሁም።


ቀጥታ ተናጋሪ፦

እርጉዟን አላወቅኩም። ይቅርታ እህቴ፣ ልክ ነሽ።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ ከአሜሪካ ለገና ስመጣ በኢንተርኔት ነበር የያዝኩት፣ ሌላ ከተማ ነው፣ "ስትደርስ ትከፍላለህ" የሚለውን መርጬ። ከኤርፖርት ቀጥታ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ስንደርስ እኛ ከዛ ድረገፅ ጋር መስራት አቁመናል አሉን። ለሊት 6 ሰዓት ላይ። ከዛ ወዲህ የተማርኩት ድረገፁ ላይ ብይዝም ከመድረሴ በፊት ሁለቴ እደውላለሁ፣ አንዴ ሳምንት ሲቀረው፣ አንዴ በዋዜማው፣ ያነጋገርኩትን ሰው ስም እፅፋለሁ፣ ስደርስም "እከሌ ነው የያዘልኝ" ስል ነገሩ ይለወጣል። ዋጋ ስትጠይቁ ደግሞ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ገብቶበታል ወይ በሉ፣ 15 ፐርሰንት ቫት ላይ 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ሲጨመር ትልቅ ብር ነው፣ እኔ ያልኩት ዋጋና የከፈልኩት አንድ ሆኖ አያውቅም።


እቴቴ፦

ልጄ፣ እኔ ስለሆቴሉ አላውቅም፣ ስለጓደኞችሽ ግን ልንገርሽ፣ ሃያ ስምንት አመት ከጓደኞቼ ጋር እቁብ የጣልኩ ሴት ነኝ።

ብሩን እኔው ልቻለው አትበይ። ዛሬ ዝም ብለሽ ብትችይው ነገ ስታያቸው ውስጥሽ ይቆጥራል፣ እነሱም ያውቁታል፣ ከብሩ ይልቅ እሱ ነው ሰው የሚያራርቀው። ግን እኩል አካፍለሽ 2,500 2,500 ማለትሽም ልክ አይመስለኝም። ሁለቱ ልጆች እናንተ ሆቴል ስታድሩ ለናንተ ብለው መናኸሪያ ሄደው አደሩ። ለነሱ ክፍሉ ብቻ አይደለም የጎደለው፣ የማታውን ጨዋታም አጥተዋል። ዝም ያሉት ስስታም ሆነው ሳይሆን ተከፍተው ይሆናል። ሂጂና በአካል አግኛቸው፣ በስልክ አይደለም፣ ቡና ጠጡና "የናንተ ሂሳብ እንዴት ይሁን" ብለሽ እነሱን ጠይቂ።

ያችኛዋን ደግሞ "የመረጥሽው አንቺ ነሽ" ያለችውን በግሩፕ እንዳትመልሽላት። ለብቻዋ ደውይላት። ቀብዱ ሲሰበሰብ እሷም ፎቶውን አይታ ቆንጆ ነው ብላ ልካለች አይደለም? ያን አስታውሻት፣ ሳትቆጪ። ለስድስት ሰው የሮጠ ሰው ብቻውን አይወቀስም።


የጀሞዋ ልጅ፦

እቴቴ አስለቀሱኝ። አዎ፣ ሁሉም ፎቶውን አይተው ልብ ልከዋል። ነገ ሁለቱ ጋ እሄዳለሁ።


ሪሰፕሽን ነበርኩ፦

ማስጠንቀቂያውን ስትልኪ የልጁን ስም፣ ብሩ የሄደበትን፣ ለብቻው አንድ መስመር ፃፊ። ባለቤቶች ስለእንግዳ ቅሬታ ባይደነግጡም ቀብድ በሰራተኛ ስልክ እንደሚገባ ሲያውቁ ይነቃሉ። እና ልጁን ሌባ አትበይው፣ ባለቤቱ ራሱ አዞት ሊሆን ይችላል፣ የማታውቂውን አትፃፊ። ጎግል ማፕ ላይ ሪቪው የምትፅፊም ከሆነ የሆነውን በቀን በቀኑ ብቻ፣ ከመልሳቸው በኋላ።


የጀሞዋ ልጅ፦

ከ12 ቀን በኋላ ተመልሼ መጣሁ፣ መጨረሻውን እንድነግራችሁ።

ደብዳቤውን የህግ ሰው እንዳለኝ አንድ ገፅ አድርጌ ፅፌ፣ ስክሪንሻቶቹን አያይዤ፣ የባለቤቱን ቁጥር በሰው በሰው አግኝቼ ላኩለት። ሶስት ቀን ዝም። ከዛ ሌላ ሰው ደወለልኝ፣ የባለቤቱ ልጅ ነኝ አለኝ፣ በትህትና ነው ያናገረኝ፣ ክፍሉን ሙሉ ለሙሉ ለከፈለ ቡድን እንደሰጡት አመነ፣ የዋጋውን ልዩነት 6,000 እንመልሳለን፣ ሌላውን 4,000 ግን አንችልም፣ በምትኩ ሌላ ጊዜ ስትመጡ አንድ አዳር በነፃ አለ።


የህግ ሰው ነኝ፦

6,000ውን ተቀበይ። "ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም" የሚል ወረቀት አስፈርሙኝ ካሉሽ ግን ከመፈረምሽ በፊት አስቢበት፣ ከፈረምሽ የቀረው 4,000 አለቀ ማለት ነው። ነፃ አዳሩን በቃል አትመኚው፣ ከፈለግሽው ቀኑ የማያልፍበት ብለው ይፃፉልሽ።


የጀሞዋ ልጅ፦

ምንም አላስፈረሙኝም፣ ብሩ ትናንት ገባ፣ በዚህ ጊዜ ከሆቴሉ ስም። ለ4,000ው ሀዋሳ ድረስ ተመላልሼ አልከራከርም፣ ነፃ አዳሩንም አልፈልገውም፣ እዛ ቤት ሁለተኛ ሻንጣዬን አላስገባም። ሪቪውዬን ግን ፃፍኩ፣ ብር እንደመለሱም ጭምር።

ሁለቱ ልጆች ጋ እቴቴ እንዳሉኝ ሄጄ ነበር። ተከፍተው ነበር በእውነት። ፔንሲዮኑ ራሱ ንፁህና ፀጥ ያለ ነበር አሉኝ፣ ያስከፋቸው ማታ ስንለያይ ማናችንም እስከ ባጃጁ አለመሸኘታችን ነው። እኔ እሱን አላሰብኩትም ነበር፣ በሂሳቡ ብቻ ነበር የተጨነቅኩት። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ከሆቴሉ ከተመለሰው 5,000ው የሁለታቸው ድርሻ ይሁን፣ ምንም እንዳትልኩ አልኳቸው። የቀረችው ልጅ ደግሞ ከመደወሌ በፊት ራሷ ደወለች፣ 2,500ውን ላከች፣ ግሩፑ ላይ የፃፈችውንም አጠፋችው።

ከ6,000ው 1,000 ብር ተረፈ። ሐሙስ በረራ ስላላት ረቡዕ ማታ እኛ ቤት አሳ ልንሰራ ነው፣ ስድስታችንም እናድራለን። ሁለቱ ልጆች አልጋው ላይ፣ እኛ ፍራሽ አንጥፈን።


የሐይቅ ዳር ልጅ፦

አሳውን ከየት ልትገዙ ነው? አዲስ አበባ ውስጥ በረዶ ውስጥ ከርሞ የመጣ እንዳይሰጧችሁ፣ ጉንጩን ገልጣችሁ እዩት፣ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ አይኑም ወደ ውጭ የወጣና የጠራ ይሁን። ቆሮሶ በሏቸው፣ ለጥብስ እሱ ነው የሚሻለው። ለሚቀጥለው ከመጣችሁ እዚህ ፃፉልኝ፣ ክፍሉን ራሴ ሄጄ አይቼ መስኮቱን ከፍቼ ቪዲዮ እልክላችኋለሁ። ለልጅቷም መልካም መንገድ።